የሊኑክስ ዴስክቶፕ ባግ እንዴት ሪፖርት ይደረጋል? የትኛው በአደባባይ፣ የትኛው በዝግ?

ሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ የሆነ ነገር ሲበላሽ አብዛኞቻችን ሪስታርት እናደርጋለን። ካልሆነም ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ይሄ ነገር እናንተም ጋ አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ሁለት ሦስት ሰው «አዎ፣ እኔም» ይላል። በቃ፣ እዚያው ይቀራል። ባጉን (የፕሮግራሙን ስህተት) ማስተካከል የሚችለው ሰው ያንን ግሩፕ አያየውም፤ ቢያየውም አማርኛ አያነብም፤ ቢያነብም «ስታክ አደረገብኝ» ከሚል አንድ መስመር ምንም ሊያወጣ አይችልም።

እዚህ የማወራው በዋናነት ስለ ሁለት ዴስክቶፖች፣ ስለ ግኖምና ስለ ኬዲኢ ፕላዝማ ነው። በመሃል የሊኑክስ ሚንቱ ሲናመንም ይነሳል። ሌላ ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ከሆነ የድረ ገጹ ስም ይለያይ ይሆናል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ፦ ማን ይየው?

አንድ ፊደል ከመጻፋችሁ በፊት ይህን መልሱ። ይህን ባግ ክፉ ሰው ቢያውቀው የእኔን ወይም የሌላ ሰው ኮምፒውተር ሊጎዳበት ይችላል? መልሱ «አይ» ከሆነ በአደባባይ ጻፉት። «አዎ» ወይም «እንጃ» ከሆነ በዝግ ላኩት። «እንጃ»ን ከ«አዎ» ጋር የደመርኩት አውቄ ነው፤ በዝግ የተላከ ተራ ባግ በኋላ በአንድ ክሊክ ለሁሉም ይከፈታል፣ በአደባባይ የወጣው ግን ለሚከታተሉት ሰዎች ሁሉ ወዲያው ኢሜይል ሆኖ ስለሚደርስ ብታጠፉትም ወጥቷል።

ችግሩ የአጠቃቀም ባግና የደኅንነት ባግ ሁልጊዜ ተለያይተው አለመምጣታቸው ነው። በ2021 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አንድ የሊኑክስ ሚንት ተጠቃሚ ልጆቹ ኮምፒውተሩን «ሃክ» ለማድረግ ሲጫወቱ ቆሞ ያያቸዋል። ልጆቹ ዋናውን ኪቦርድም ስክሪኑ ላይ የሚወጣውንም እኩል ሲደበድቡት የሲናመን ሎክ ስክሪን ክራሽ አደረገና ዴስክቶፑ ያለ ፓስዎርድ ወለል ብሎ ተከፈተ። አባትየው መጀመሪያ የአንድ ጊዜ ነገር መስሎት ነበር፤ ልጆቹ ግን ደገሙት። ሲጣራ፣ ስክሪን ላይ ባለው ኪቦርድ ከላይዋ ሰረዝ ያላትን የላቲን ኢ መጫን ብቻ ይበቃ ነበር። ስክሪንና ኪቦርድን ለሚያስተናግደው ለኤክስ ሰርቨር የወጣ ሌላ የደኅንነት ማስተካከያ ነው ሳይታሰብ ያንን ኪቦርድ የሚያንቀሳቅሰውን ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) የሚጥለው። እስቲ አስቡት፣ ከላይ ሲታይ እኮ «ስክሪን ኪቦርዱ ክራሽ ያደርጋል» የሚል ተራ ቅሬታ ነው። ሪፖርቱ የቀረበው ኮድና የባግ ሪፖርት በሚቀመጥበት በጊትሃብ ላይ በአደባባይ ነበር፣ ሚንቶችም ፈጥነው አስተካከሉት። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመኝ ግን እኔ በዝግ ነው የምልከው።

የኬዲኢው ደግሞ ሌላ ነው። በ2019 ክረምት አንድ የደኅንነት ተመራማሪ ከባድ ቀዳዳ አገኘ። በተለየ መንገድ የተዘጋጀ ፋይል ያለበትን ፎልደር መክፈት ብቻ፣ ፋይሉን ሳትነኩት፣ ማሽናችሁ ላይ የሰው ትእዛዝ እንዲሠራ ያደርግ ነበር። ሰውየው ለኬዲኢ ሳይናገር በቀጥታ ትዊተር ላይ ለቀቀው። ኬዲኢዎች በቀናት ውስጥ ዘጉት፣ ያውም ከኮንፊግ ፋይል ውስጥ የሼል ትእዛዝ ማስኬድ የሚባለውን ነገር ጭራሽ አውጥተው በመጣል። በእነዚያ ቀናት ግን ቀዳዳው ለዓለም ታውቋል፣ መድኃኒቱ የለም።

እንግዲህ እንደ እኔ፣ ባጉ ሎክ ስክሪንን ወይም የሎግኢን ገጽን ከነካ፣ የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ የሚጠይቀውን መስኮት ከነካ፣ ወይም እናንተ ሳትከፍቱት በራሱ ፋይል የሚያነብ ክፍልን ከነካ ሳታመነቱ በዝግ ላኩ። የመጨረሻው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ግኖም ዳውንሎድስ ውስጥ የገባውን ፋይል ለፍለጋ እንዲያመች በራሱ ከፍቶ ያነባል። በ2023 ይፋ የሆነው የሊብኪው (የላይብረሪ ስም ነው) ቀዳዳ በዚሁ በኩል ነበር የገባው፤ አንድ ሊንክ ትጫናላችሁ፣ የሙዚቃ ሲዲ ዝርዝር የሚይዝ ትንሽ ፋይል ይወርዳል፣ የቀረውን ዴስክቶፑ ራሱ ይጨርሰዋል።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልጨምር። የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ስክሪኑ ተቆለፈ እንበል። ፓስዎርዳችሁ በላቲን ፊደል ነው። ቋንቋ መቀየሪያው ሎክ ስክሪኑ ላይ ካልታየ ወይም ብትጫኑት ካልሠራ፣ ያ የአጠቃቀም ባግ ነው፤ ያናድዳል፣ ግን በአደባባይ ይጻፍ። በዚያው ሎክ ስክሪን ላይ የምትጽፉት ፓስዎርድ ከኋላ ተከፍቶ ወዳለው የቻት መስኮት እየገባ ከሆነ ግን ጨዋታው ተቀየረ። ቦታው አንድ ነው፣ የሚሄድበት በር ግን ሌላ።

በሌላ በኩል የደኅንነት ባግ የሚመስሉ ግን ያልሆኑም አሉ። መስኮቶችን ስክሪን ላይ በሚያሳየው በቆየው ሥርዓት፣ በኤክስ11 ላይ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ኪቦርድ ማዳመጥ ይችላል፤ ይሄ ከጥንት የታወቀ ነው፣ ተተኪው ዌይላንድ ከተሠራባቸው ምክንያቶችም አንዱ ነው። «ሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን) ያለው ሰው ሁሉን ማድረግ ይችላል» የሚለውም ግኝት አይደለም። ዲስኩ ኢንክሪፕት ያልተደረገ ላፕቶፕ በፍላሽ ተነስቶ ፋይሉ መነበቡም እንደዚያው። እነዚህን ልካችሁ ሰው አታድክሙ።

ባጉ የማን ነው?

ዴስክቶፕ አንድ ፕሮግራም አይደለም፣ ብዙ ቡድኖች የሠሯቸው ቁርጥራጮች ስብስብ ነው። ሪፖርት ያለ መልስ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ቤት ስለተንኳኳ ነው።

ከሁሉ በፊት አዲስ የተጠቃሚ አካውንት ፍጠሩና እዚያ ሞክሩት። ባጉ እዚያ ከሌለ ችግሩ ከራሳችሁ ሴቲንግ ወይም ከጫናችሁት ነገር ነው። ግኖም ላይ ከሆናችሁ ኤክስቴንሽኖችን (በኋላ የሚጫኑ ተጨማሪዎችን) በሙሉ አጥፉ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ እንደገና ሞክሩ። ኤክስቴንሽን የግኖም ሼልን አንጀት ገብቶ የሚነካ ነገር ስለሆነ የሼሉ የሚመስለው ክራሽ የኤክስቴንሽኑ ሆኖ ሲገኝ ብርቅ አይደለም፤ ያኔ ሪፖርቱ የሚሄደው ለኤክስቴንሽኑ ባለቤት ነው። ከዚያ ዌይላንድ ላይም ኤክስ11 ላይም ሞክሩት፣ ሁለቱም ካላችሁ። አንዱ ላይ ብቻ መታየቱ ለገንቢው ትልቅ ፍንጭ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ጉዳይ ላይ ይሄ በተለይ ያስቸግራል። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ብዙ ጊዜ የፎንት ነገር ነው፣ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ጫኑና እዩት። ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው የአማርኛ ሌይአውት አንዱ ቁልፍ የተሳሳተ ፊደል ካወጣ፣ ባለቤቱ ፍሪዴስክቶፕ ጊትላብ (እንደ ጊትሃብ ያለ ነው) ላይ ያለው የኪቦርድ ሌይአውቶች ፕሮጀክት ነው እንጂ ግኖም አይደለም። በላቲን እየጻፋችሁ ወደ ፊደል የሚቀይረው ሴራ የሚባለው ዘዴ ከተሳሳተ ደግሞ ባለቤቱ ኤም17ኤን የሚባለው ፕሮጀክት ነው። ሁሉም ቦታ በትክክል እየጻፈ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ ከተበላሸ፣ የፕሮግራሙን ባለቤት ያዙት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ለዲስትሮው (ሊኑክሱን አዘጋጅቶ ለሚያቀርበው፣ ለምሳሌ ለኡቡንቱ ወይም ለዴቢያን) ልንገር ወይስ በቀጥታ ለግኖም ወይም ለኬዲኢ? ሥሪታችሁን እዩ። ዴቢያን 12 ላይ ያለው ግኖም 43 እና ፕላዝማ 5.27 ነው፤ ኡቡንቱ 24.04 ላይ ግኖም 46። ግኖም በየስድስት ወሩ አዲስ ሥሪት ስለሚያወጣ የቆየውን ገንቢዎቹ ከተውት ቆይተዋል፣ «አዲሱ ላይ ሞክረህ ተመለስ» ነው የሚሏችሁ። የቆየ ሥሪት ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ለዲስትሮው ንገሩ፤ ለኡቡንቱ ላውንችፓድ የሚባለው ድረ ገጽ፣ ለዴቢያን ሪፖርትባግ የሚባለው መሣሪያ፣ ለፌዶራ የሬድ ሃት ባግዚላ (የባግ መመዝገቢያ ድረ ገጽ)። ፌዶራ ወይም አርች ላይ አዲሱን ሥሪት የምትጠቀሙ ከሆነ በቀጥታ ለባለቤቱ ጻፉ። ይሄ የቢሮክራሲ ጣጣ ይመስላል፣ ግን ምክንያት አለው። ስክሪን የሚቆልፈው ፕሮግራም፣ የኤክስስክሪንሴቨር ጸሐፊ ጄሚ ዛዊንስኪ በዴቢያን ውስጥ የቆየ ሥሪት ይዘው ስለ ቆዩ ባጎች በሚጽፉለት ሰዎች ከመማረሩ የተነሳ፣ ፕሮግራሙ ራሱ «ይህ ሥሪት በጣም አርጅቷል» እያለ ተጠቃሚውን እንዲያስጠነቅቅ አድርጎ ነበር። በ2016 በዚህ ጉዳይ ከዴቢያኖች ጋር ትልቅ ጭቅጭቅ ተነስቷል።

ምን ይጻፍ?

ግኖም ጊትላቡ ላይ፣ ኬዲኢ ባግዚላው ላይ «አዲስ» ስትሉ ባዶ ቅጽ ይሰጧችኋል። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ሆነ፣ ምን እንዲሆን ጠበቃችሁ፣ በየትኛው ሥሪት። ቅጹን አትሰርዙት፣ ሙሉት። ከዚያ በፊት ግን ፍለጋው ላይ ባጉን ፈልጉ። ካለ አዲስ አትክፈቱ፣ ያለው ላይ አዲስ መረጃ ካላችሁ ጨምሩ። «እኔም ጋ አለ» ብቻ ልትሉ ከሆነ ጊትላብ ላይ አውራ ጣቷን ተጫኑና ሂዱ።

ርዕሱ ብዙ ይወስናል። «ፋይል ማኔጀሩ አይሠራም» የሚል ርዕስ ማንም አይከፍተውም። እንዲህ ያለውን ግን ሰው ይከፍተዋል (ምሳሌው ፈጠራ ነው፤ አይባስ የኢንፑት ፕሮግራም ነው)፦

«የፋይል ስም ሲቀየር፣ የአማርኛ ኢንፑት በርቶ ከሆነ የመጀመሪያው ፊደል ይጠፋል።
ግኖም ፋይልስ 46፣ ኡቡንቱ 24.04፣ ዌይላንድ፣ አይባስ ከኤም17ኤን ሴራ ጋር።
1. ኢንፑቱን ወደ አማርኛ ቀይር። 2. አንድ ፋይል ምረጥና ኤፍ2 ተጫን። 3. «ሰላም» ብለህ ጻፍ።
የሆነው፦ «ላም» ብቻ ይታያል። የተጠበቀው፦ «ሰላም»።
በሞከርኩ ቁጥር ይሆናል። አዲስ አካውንት ላይም ይሆናል። ቴክስት ኤዲተር ውስጥ አይሆንም።»

የመጨረሻዋ መስመር ወርቅ ናት። ገንቢው ይጠይቅ የነበረውን ሦስት ጥያቄ ቀድማ መልሳለች።

እንግዲህ ይሄ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብላችሁ አትተዉት። አጫጭር ዓረፍተ ነገርና ቁጥር የተሰጣቸው እርምጃዎች ካሉ ማንም ሰዋስው አይቆጥርም፤ ከገንቢዎቹ ብዙዎቹም እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። ኮምፒውተራችሁ በአማርኛ ከሆነ ግን ስክሪንሾትና የስህተት መልእክት ከመውሰዳችሁ በፊት ለጊዜው ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩት፣ አለዚያ የላካችሁት መልእክት ኮዱ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም።

የሥሪቱን ነገር በግምት አትጻፉ። ግኖም ላይ ሴቲንግስ ውስጥ አባውት የሚለው ገጽ አለ፣ የሲስተም ዝርዝሩን ከዚያ ታገኛላችሁ። ኬዲኢ ላይ ኢንፎ ሴንተርን ክፈቱ፣ ሁሉንም ኮፒ የሚያደርግ በተን አለው። የኬዲኢ ፕሮግራሞች ሄልፕ ሜኑ ውስጥ ደግሞ ባግ ሪፖርት የሚል አለ፣ ከዚያ ከገባችሁ የፕሮግራሙን ስም ራሱ ይሞላላችኋል። ባጉ በቃል ለማስረዳት ካስቸገረ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ግኖም ላይ የፕሪንት ስክሪን ቁልፍ፣ ኬዲኢ ላይ ስፔክታክል ቀረጻም ይሠራሉ። አጭር ይሁን። ዳታችሁንም አትጨርሱ።

ክራሽ ከሆነ የሚፈለገው ባክትሬስ ነው፣ ፕሮግራሙ ሲወድቅ የት እንደነበረ የሚያሳየው ዝርዝር ማለት ነው። ኬዲኢ ላይ የሚመጣው የክራሽ መስኮት ራሱ ያዘጋጅላችኋል። ኡቡንቱ ላይ አፖርት የሚባለው መሣሪያ ይይዘዋል። የኮር ዳምፕ ፋይሉን ግን በአደባባይ እንዳትለጥፉ፤ ፕሮግራሙ ሜሞሪ ውስጥ የያዘው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፣ ፓስዎርድና የግል መልእክት ጭምር። ሎግም ያው ነው። ግኖም ላይ ሎግስ ከሚባለው ፕሮግራም ባጉ በተከሰተበት ደቂቃ አካባቢ ያለውን ብቻ ቁረጡ፣ የተጠቃሚ ስማችሁን፣ የዋይፋይ ስምና የፋይል ስሞችን እያያችሁ አጥፉ። የሙሉ ቀን ሎግ መለጠፍ ለእናንተም ለሚያነበውም አይበጅም።

የአጠቃቀም ባግ የራሱ ጸባይ አለው

ክራሽ ክራሽ ነው፣ ማንም አይከራከራችሁም። «ይሄ ነገር ግራ ያጋባል» ስትሉ ግን ክርክር ይመጣል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው መፍትሔ ይዞ ስለሚሄድ ነው። «በተኑን ወደ ግራ አምጡት» አትበሉ። ምን ልትሠሩ እንደነበር፣ መጀመሪያ የት እንደፈለጋችሁት፣ ምን እንደተጫናችሁ፣ ምን ይሆናል ብላችሁ እንደነበር ጻፉ። በተኑ የት እንደሚሄድ እነሱ ይጨነቁበት። የተሻለ ማስረጃ የምታገኙት ደግሞ ሊኑክስ የማያውቅ ሰው አስቀምጣችሁ ዝም ብላችሁ ስታዩት ነው። እናንተ የለመዳችሁትን ጠማማ መንገድ እሱ አያውቀውም።

ሰሚ የለም ማለት አይደለም። የኬዲኢው ገንቢ ኔት ግራም በ2022 የጀመረው ዘመቻ ፕላዝማን በከፈታችሁ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃ የሚያናድዷችሁን ባጎች ለይቶ ቅድሚያ የመስጠት ነበር፣ ብዙም ተዘግተዋል። በሌላ በኩል ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። የግኖም ፋይል መምረጫ መስኮት ፎቶዎችን በትንንሽ ምስል ደርድሮ እንዲያሳይ የተጠየቀው በ2004 ነው። የመጣው በ2023፣ ከግኖም 44 ጋር ነው። በመካከሉ የቀልድ መጠቀሚያ ሆኖ ነበር።

ደግሞ «ቢኖር ጥሩ ነው» እና «ተበላሽቷል» ይለዩ። ሰዓቱ የኢትዮጵያን ቀን አቆጣጠር አለማሳየቱ ምኞት ነው፣ ባግ አይደለም። ኬዲኢ ባግዚላው ውስጥ ለምኞት የተለየ ደረጃ አለው፤ ግኖም ላይ ሐሳቡን መጀመሪያ ዲስኮርስ የሚባለው መወያያ መድረኩ ላይ አንስቶ መወያየት ይሻላል።

በዝግ ስትልኩ

ግኖም ጊትላብ ላይ አዲስ ኢሹ (ሪፖርት) ስትከፍቱ ከጽሑፍ ሳጥኑ በታች ምስጢራዊ የምታደርግ ትንሽ ሳጥን አለች። መላክን ከመጫናችሁ በፊት ምልክት አድርጉባት፣ በኋላ አይደለም። የግኖም የደኅንነት ቡድን የራሱ ገጽና ኢሜይል አለው፣ የትኛው ፕሮጀክት እንደሆነ ካላወቃችሁ ለእነሱ ላኩ። ኬዲኢ ላይ ባግዚላውን ተዉትና የደኅንነት ገጹ ላይ ባለው ኢሜይል ጻፉ። ላውንችፓድ ላይ ባጉ ለማን ይታይ ለሚለው የግል ደኅንነት የሚለውን ምረጡ።

ጽሑፉ ላይ ከተለመደው በተጨማሪ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ አጥቂው ምን በእጁ ሊኖረው ይገባል? ላፕቶፑ ፊት መቀመጥ አለበት? እዚያው ማሽን ላይ አካውንት ያስፈልገዋል? ወይስ ፋይል መላክ ብቻ ይበቃዋል? ከዚያ ምን ያገኛል? ይሄ ነው ዛሬ ይሠራ ወይስ በሚቀጥለው ወር የሚለውን የሚወስነው። አታጋንኑ። «ሎክ ስክሪኑ ለአንድ አፍታ የጀርባውን መስኮት ያሳያል» ካላችሁ በቂ ነው፣ «ሊኑክስ ተሰብሯል» አያስፈልግም። ያረጋገጣችሁት በራሳችሁ ማሽን ላይ ብቻ ይሁን፤ የመሥሪያ ቤት ወይም የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ሌላ ጣጣ ያመጣባችኋል።

መቼ ይፋ እንደሚሆን ከእነሱ ጋር ተስማሙ። ዲስትሮዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ዝግ የመልእክት ዝርዝር ምስጢር የሚይዘው ቢበዛ ለ14 ቀን ነው፤ ፕሮጀክት ዜሮ የተባለው የጉግል የደኅንነት ቡድን የለመደው ደግሞ 90 ቀን ነው። እስከዚያ ቴሌግራም ላይ «አንድ ነገር አግኝቻለሁ፣ ቆይ ብቻ» ማለትም ያው ማውራት ነው። ገንዘብ አትጠብቁ። ስማችሁ ማስታወቂያው ላይ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ግን እንዴት እንደሚጻፍ ንገሯቸው።

ከላካችሁ በኋላ

ኢሜይላችሁን ተከታተሉ። ኬዲኢ ተጨማሪ መረጃ ጠይቆ መልስ ካጣ አንድ ጊዜ ያስታውሳችኋል፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ በራሱ ይዘጋዋል። ላውንችፓድ ላይ ያልተሟላ ተብሎ የተመደበ ሪፖርት 60 ቀን ያለ እንቅስቃሴ ከቆየ ጊዜው ያልፍበታል። መልሱን የማታውቁት ከሆነ «አላውቅም፣ እንዴት ላየው?» ማለት ይቻላል። «ዱፕሊኬት» ተብሎ ቢዘጋ ደግሞ አትናደዱ፣ ዋናው ሪፖርት ላይ ተመዝገቡ።

«ተስተካክሏል» የሚል መልእክት ሲመጣም ማስተካከያው እናንተ ጋ ገና አልደረሰም፤ ወደ ዲስትሯችሁ እስኪመጣ ወራት ሊወስድ ይችላል። ቶሎ ማየት የምትፈልጉ ግኖም ኦኤስ ናይትሊን ወይም የኬዲኢ ኒዮንን አንስቴብል ሥሪት (ሁለቱም ገና በመሠራት ላይ ያለውን የሚያሳዩ ናቸው) ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ጫኑና ያንኑ እርምጃ ከ1 ጀምራችሁ ድገሙት። አሁንም «ላም» ብቻ ካለ ያንኑ ኢሹ ላይ ጻፉ፣ አዲስ አትክፈቱ።